ሻምፒዮኑ ቀርቶ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለምን ፎርሙላ ዋን ገቡ?

ጥያቄ፦ «የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። እንግሊዝ አገር ካርት (ትንሿን የውድድር መኪና) ይነዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት የብሪታንያ ፎርሙላ 4 ሻምፒዮና፣ ማለትም ወደ ፎርሙላ ዋን የሚወስደው መሰላል የታችኛው እርከን ላይ፣ መግባት ይፈልጋል። የድሮ ውጤቶችን ሳገላብጥ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የ2017 ሻምፒዮን ጄሚ ካሮላይን ፎርሙላ ዋን አልደረሰም። ሁለተኛ የወጣው ኦስካር ፒያስትሪና ሦስተኛ የወጣው ሎጋን ሳርጀንት ግን ደረሱ። ታዲያ ዋንጫው ምን ይጠቅማል? እህቴ ቤቷን አስይዛ ልትበደር ታስባለች፤ በዚያ ላይ አደጋው ያስፈራታል። ምን ልበላት?»

ምላሽ፦

ከጥያቄዎ ጫፍ ልጀምር። እህትዎ ቤቷን አታስይዝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህቺ አትረሳ፤ ምክንያቱን እየቆየሁ እመጣበታለሁ።

እኔ ለታዳጊ ቡድኖች በመረጃ መሐንዲስነት ሠርቻለሁ። መኪናው ከሜዳ ሲመለስ ገመድ ሰክቶ የልጁን እጅና እግር በግራፍ የሚያነበው ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ዓይኔ ከዋንጫው ይልቅ ወደ ግራፉ ያደላል፤ ይህን አመሌን ከወዲሁ ይወቁልኝ።

2017ን መርጠው መጠየቅዎ ጥሩ ነው። በዚያ ዓመት ካሮላይን ለካርሊን ቡድን ነድቶ ዋንጫውን ወሰደ። ፒያስትሪ በአርደን መኪና 6 ውድድር አሸንፎ ሁለተኛ ሆነ። ሳርጀንት፣ የካሮላይን የቡድን ጓደኛ፣ ሦስተኛ ወጣ። ማንም አልተበደለም፤ በዚያ ዓመት፣ በዚያ መኪና፣ በእነዚያ ሜዳዎች ካሮላይን በልጧቸዋል። መንገዳቸው የተለያየው ከዚያ በኋላ ነው። ፒያስትሪ በ2018 ፎርሙላ ሬኖ ዩሮካፕ የሚባል የአውሮፓ የታዳጊዎች ሻምፒዮና ገብቶ 8ኛ ወጣ። በ8ኛነት ማንም አይጨበጨብለትም። በ2019 ግን ያንኑ ውድድር አሸነፈ፤ በ2020 ፎርሙላ 3ን፣ በ2021 ፎርሙላ 2ን ደገመ፤ በ2023 በማክላረን መኪና ፎርሙላ ዋን ላይ ተሰለፈ። ሳርጀንትም ፎርሙላ 3ና 2ን ተሻግሮ በዚያው ዓመት ዊሊያምስ ገባ፤ በ2024 የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ ቦታውን ተነጠቀ። ካሮላይን ወደ ጂቲ፣ ማለትም የመንገድ መኪና መልክ ወዳላቸው የውድድር መኪኖች፣ ዞሮ በ2020 ከአጣማሪው ጋር የብሪታንያ የጂቲ 4 ሻምፒዮን ሆነ። ይህ በእኔ ሚዛን ውድቀት አይባልም፤ ፎርሙላ ዋን ካልሆነ ሌላው ሁሉ ባዶ ነው የሚል ሰው የሞተር ስፖርትን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ነው።

ነገሩ የአንድ ዓመት አጋጣሚ እንዳይመስልዎ ሰፋ አድርገን እንቁጠር። ከ2015 እስከ 2024 ይህን ሻምፒዮና 10 ልጆች አሸንፈውታል። ከአሥሩ በፎርሙላ ዋን ግራን ፕሪ የተሰለፈው አንድ ብቻ ነው፤ የ2015ቱ ላንዶ ኖሪስ። ሻምፒዮን ሳይሆኑ የደረሱት ደግሞ ፒያስትሪ፣ ሳርጀንትና በ2018 5ኛ የወጣው ጃክ ዱሃን ናቸው። ኖሪስ በ2025 የዓለም ሻምፒዮን እስከ መሆን ስለደረሰ ዋንጫው እርግማን ነው ማለት አይቻልም። ለማንም ዋስ ሆኖ ግን አያውቅም።

ለመሆኑ ምንድን ነው የሚሸለሙት? በወረቀት ላይ ያለውን ላስላልዎ። ፎርሙላ ዋን ለመንዳት ሱፐር ላይሰንስ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ለማግኘት በ3 ዓመት ውስጥ 40 ነጥብ መሰብሰብ የግድ ነው። የአንድ አገር ፎርሙላ 4 ሻምፒዮን 12 ነጥብ ያገኛል፤ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 7፣ እያለ እስከ 7ኛው ይወርዳል፤ 7ኛው አንዲት ነጥብ ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ካሮላይን በፒያስትሪ ላይ ያገኘው ብልጫ ሁለት ነጥብ ናት። እሷም ብትሆን ጊዜ አላት፤ ፒያስትሪ ፎርሙላ ዋን የገባው ከፎርሙላ 4 ከስድስት ዓመት በኋላ ስለሆነ የ2017 ነጥቡ ያን ጊዜ ተቃጥሎ ነበር። የፎርሙላ 2 ሻምፒዮን ደግሞ በአንድ ዓመት ብቻ 40 ነጥቡን ሙሉ ይሸለማል። በሌላ አነጋገር የፎርሙላ 4 ነጥብ ለአብዛኛው ልጅ ጌጥ ነው። ቡድኖች በማስታወቂያቸው ላይ ሲጽፉት እኔ ፈገግ እላለሁ።

ታዲያ ይህ ውድድር ለምን ተፈጠረ ቢሉ፣ የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ማለትም ኤፍ አይ ኤ፣ በካርትና በፎርሙላ 3 መካከል የነበረውን ሰፊ ክፍተት ለመሙላት ያቆመው ደረጃ ነው። መጀመሪያ በ2014 ጣሊያን ውስጥ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ላንስ ስትሮል ነው። ብሪታንያ በ2015 ተከተለች። ያን ዓመት «ፎርሙላ 4» የሚለውን ስም አገር ውስጥ ሌላ ውድድር ይዞት ስለነበር ኤም ኤስ ኤ ፎርሙላ ተብሎ ነው የተነዳው፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ2016 ነው። የተተካውም የብሪታንያ ፎርሙላ ፎርድ ነው። አይርተን ሴና በ1981፣ ጄንሰን ባተን በ1998 እንግሊዝ ውስጥ ያሸነፉበት የፎርሙላ ፎርድ ዘር መሆኑ ነው።

ዋናው ነገር መኪናው ለሁሉም አንድ መሆኑ ነው። እስከ 2021 ድረስ ሁሉም የሚነዱት የፈረንሳዩን ሚጋል ሻንሲ ከ1.6 ሊትር ፎርድ ተርቦ ሞተር ጋር ነበር፤ ጉልበቱ 160 የፈረስ ጉልበት። ከ2022 ወዲህ የጣሊያኑ ታቱስ ነው፤ ሞተሩ የአባርት 1.4 ሊትር ተርቦ ነው፣ ከአሽከርካሪው ራስ በላይ ሃሎ የሚባለው መከላከያ ቅስት ተገጥሞለታል። ሞተሩ የታሸገ ስለሆነ መካኒክ ሊከፍተው አይችልም። ቡድኑ የሚነካካው የክንፎቹን ማዘንበል፣ ሞላውን፣ አሞርዛተሩን፣ የመኪናውን ከመሬት ከፍታና የጎማውን ንፋስ ነው። እነዚህም ቢሆኑ ለውጥ ያመጣሉ። ልጁ ከጎኑ ካለው ልጅ በግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ግን ጥፋቱን ሞተሩ ላይ ማላከክ አይችልም። የፎርሙላ 4 ዋጋው እዚህ ላይ ነው። በሌላው ሁሉ የሞተር ስፖርት ዓለም ሰውየውን ከመኪናው መለየት አስቸጋሪ ነው፤ እዚህ ግን ልጁ ራቁቱን ይታያል።

እስቲ እንዴት እንደሚታይ ልንገርዎ፤ ለእህትዎ ልጅም የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ካርት አሞርዛተር የለውም። የኋላ ጎማዎቹ በአንድ ድፍን ብረት ስለተያያዙ እኩል ነው የሚሽከረከሩት፤ መታጠፊያ ላይ የውስጡን የኋላ ጎማ ከመሬት ማንሳት ካልተቻለ ካርቱ አልዞርም ይላል። ስለዚህ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰውነቱ የተማረው መሪ ቶሎ መስበርን፣ ካርቱን ወደ መታጠፊያው መወርወርን ነው። በታዳጊዎች ካርት ፍሬኑም የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ይህንን ልማድ ይዞ ፎርሙላ 4 ላይ የተቀመጠ ልጅ የፊት ጎማዎቹ ይንሸራተቱበታል፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ልጁም መሪውን ይበልጥ ይሰብራል፤ ጎማው ይግላል፣ ይበላል። በሦስተኛው ዙር «መኪናው አይዞርም» እያለ በሬዲዮ ያማርራል። መኪናው ይዞር ነበር፤ እሱ ነው የከለከለው።

ከመሪው የባሰው ግን ፍሬኑ ነው። ክንፍ ያለው መኪና በፈጠነ ቁጥር አየሩ ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ጎማውም የበለጠ ይነክሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ያ ጭነት ይሸሻል። ስለዚህ ልጁ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ፍሬን ሲይዝ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ባለ በሌለ ኃይሉ መርገጥ አለበት፤ ወዲያው ደግሞ ፍጥነቱ በወረደ ልክ እግሩን ቀስ እያደረገ መልቀቅ አለበት። የሚረዳው መሣሪያ የለም፤ ፔዳሉ እንደ ቤት መኪና ለስላሳ አይደለም፤ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ ኮምፒውተርም የለም። ትንሽ ካበዛው የፊት ጎማው ይቆለፍና አንድ ጎኑ ተፍቆ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ውድድሩ ማብቂያ መሪው እጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚነዳው።

በግራፍ ላይ ይህ ግልጽ ሥዕል ነው። የጥሩ ልጅ የፍሬን መስመር እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ እንደ ተረተር ቀስ ብሎ ወደ መታጠፊያው እምብርት ይወርዳል። የጀማሪ መስመር ሲወጣ ያመነታል፤ ሲወርድ በአንዴ ይወድቃል። ነዳጁም እንዲሁ ነው። ጎበዙ ከመታጠፊያ ሲወጣ አንዴ ነዳጅ ሰጠ፣ አለቀ። ያልበሰለው ይሰጣል፣ ይነሳል፣ ይሰጣል፣ ይነሳል፤ መስመሩ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል።

አንድ ጊዜ በሠራሁበት ቡድን ሁለት ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው በየማጣሪያው የሰከንድ ሁለት አሥረኛ ያህል ይፈጥን ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ቀድሞት ጨረሰ። ነገር ግን የመጀመሪያው በፎርሙላ 4 ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ሜዳዎቹን በሙሉ በልምምድ አዳርሷቸዋል። ሁለተኛው የእንግሊዝን የብርድ ወራት በትምህርት ያሳለፈ ጀማሪ ነው። የሁለቱን የፍሬን መስመር ሚያዝያ ላይ ብደራርባቸው የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። በውድድር ዓመቱ አጋማሽ ላይ አንድ ሆኑ። በውድድር ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ጀማሪው ሁለት ፈጣን መታጠፊያዎች ላይ ትልቁ ያላሰበውን ነገር ማድረግ ጀመረ። በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ይህ አይታይም። ከላይኛው ደረጃ ቡድን የመጣ አንድ ሰው ግን ግራፉን አምስት ደቂቃ አይቶ የጠየቀኝ ስለ ጀማሪው ብቻ ነው።

በ2017ም ግራፍ አንባቢው ከሰንጠረዡ ጀርባ የሚያየው ይኸው ነው። ፒያስትሪ የውድድር ዓመቱ ሲጀመር ገና 16 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ከአውስትራሊያ ተነስቶ እንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት እየተማረ ነበር የሚነዳው። ቡድን የሚመርጥ ሰው «ማን አሸነፈ?» ብሎ ይጀምርና ብዙም ሳይቆይ «በስንት ዓመቱ? በስንት ቀን ልምምድ? ከማን ጎን ተሰልፎ?» ወደሚለው ይሻገራል። ይህ የመጨረሻው ቀላል አይደለም። ኖሪስ በ2015 ሻምፒዮን ሲሆን 8 ውድድር አሸንፏል፤ ከዚያ ቁጥር በላይ የሚናገረው ግን በአንድ ቡድን ውስጥ ከጎኑ የነበረው ኮልተን ኸርታ መሆኑ ነው። ኸርታ ሦስተኛ ወጣ፤ በ2019፣ በ18 ዓመቱ፣ የአሜሪካኑን ኢንዲካር ውድድር በማሸነፍ ከእሱ በፊት ያልታየ ወጣት አሸናፊ ሆነ። ከእንዲህ ያለ ልጅ ጋር በአንድ ድንኳን ውለው ከበለጡት፣ ያ ሚዛን ይደፋል።

ስለ ፀባይም አንድ ነገር ላንሳ፤ ምክንያቱም ወላጆች ይረሱታል። በዚያው በ2015 ሲልቨርስቶን ላይ ዳን ቲክተም የሚባል ፈጣን ልጅ ከተፎካካሪው ጋር ተጋጨና ወደ ኋላ ቀረ። የደኅንነት መኪና ወጥቶ ሁሉም ቀስ ብሎ በሰልፍ ሲሄድ፣ ማለፍ ክልክል ሆኖ ሳለ፣ አሥር መኪና አልፎ ሄዶ ሆን ብሎ ገጨው። የተፈረደበት የሁለት ዓመት እገዳ ነው፤ ሁለተኛው ዓመት በገደብ ተነሣለት። በኋላ ተመልሶ የማካውን ግራን ፕሪ ሁለት ጊዜ አሸንፏል፤ ችሎታ አልጎደለውም። ነገር ግን ስሙ በተነሣ ቁጥር ያቺ ቀን አብራ ትነሣለች። በ16 ዓመት የተሠራ ስህተት በ26 ዓመትም ይጠየቃል፤ ጨካኝ ነገር ነው፣ ግን እንዲህ ነው።

ስለ ውድድሩ አካሄድ ብዙ አልልም። በአብዛኛው የብሪታንያ የቱሪንግ መኪኖች (ከመንገድ መኪና የተሠሩ የውድድር መኪኖች) ሻምፒዮና በሚካሄድበት ቅዳሜና እሑድ አብሮ ስለሚካሄድ ሕዝብም ቴሌቪዥንም አለው፤ ለስፖንሰር ፍለጋ ይህ ቀላል አይደለም። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሦስት አጫጭር ውድድሮች አሉ። ከሦስቱ አንዱ የመነሻ ሰልፉ የተገለበጠ ነው፤ ፈጣኖቹ ከኋላ ይነሣሉ፣ ነጥቡም ያንሳል። ወላጆች ይህን ውድድር «ሎተሪ» ይሉታል። እኔ የምወደው እሱን ነው፤ ከፊት ተነሥቶ ማምለጥ አንድ ችሎታ ነው፣ ከኋላ ተነሥቶ መኪና ሳይሰብሩ መሹለክ ሌላ ችሎታ ነው፤ በላይኛው ደረጃ የሚፈለገው ደግሞ ሁለተኛው ነው። ሜዳዎቹም አይመሳሰሉም። የብራንድስ ሃች አጭሩ ሜዳ ከሁለት ኪሎ ሜትር ያነሰ ስለሆነ አንድ ዙር ደቂቃ አይሞላም፤ እዚያ የማጣሪያው ልዩነት የዓይን ጥቅሻ ነው። ትራክስተን እጅግ ፈጣን ነው፤ ጎማ ይበላል። ኦልተን ፓርክ ጠባብና ወጣ ገባ ነው፤ ስህተትን ይቅር አይልም። እዚያ የተማረ ልጅ ሰፊና ጠፍጣፋ የአውሮፓ ሜዳ ላይ ሲወጣ አይደነግጥም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኤፍ አይ ኤ ፎርሙላ 4ን ሲያቆም ምኞቱ የአንድ ዓመት ወጪ ወደ 100 ሺህ ዩሮ ገደማ እንዲሆን ነበር። ምኞቱ አልተሳካም። ዛሬ ብሪታንያ ውስጥ በፊተኞቹ ቡድኖች አንድ ዓመት መንዳት ብዙ መቶ ሺህ ፓውንድ ነው። መኪናው ራሱ አይደለም ያስወደደው፤ መኪናው ለሁሉም አንድ ሲሆን ሰዎች ልዩነት የሚፈልጉት በልምምድ ነው። ልምምድ ደግሞ ጎማ፣ ነዳጅ፣ የሜዳ ኪራይ፣ መካኒክ፣ አሠልጣኝ፣ ሲሙሌተርና መሐንዲስ ነው፤ የእኔም ደሞዝ እዚያ ሒሳብ ውስጥ ነበረች፣ አልክድም። አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን በእንግሊዝ የብርድ ወራት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ወደ ስፔን ልኮ ያስነዳዋል። ሌላው ልጅ በፀደይ ሜዳ ላይ ሲገናኘው ከወዲያኛው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል።

የእህትዎ ቤት ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብድሩ የሚገዛው አንድ ዓመት ነው። መሰላሉ ግን አንድ ዓመት አይደለም፤ ኖሪስ ከፎርሙላ 4 እስከ ፎርሙላ ዋን አራት ዓመት፣ ፒያስትሪ ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ከፍ ባሉ ቁጥርም ዋጋው ይቆለላል። ፎርሙላ 3 ሲደረስ የአንድ ዓመቱ ወጪ ከሚሊዮን ፓውንድ ይሻገራል፤ ፎርሙላ 2 ከዚያም ይብሳል። ፒያስትሪን የሬኖ የአሽከርካሪዎች አካዳሚ የወሰደው በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ማለትም ፎርሙላ 4ን ከጨረሰ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ዩሮካፕን ካሸነፈ በኋላ። እስከዚያ ድረስ ሸክሙ በቤተሰቡና በደጋፊዎቹ ትከሻ ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ቤት አስይዞ የገባ ቤተሰብ ሁለተኛውን ዓመት ምን ሊያሲዝ ነው? ልጁ ሻምፒዮን ቢሆን እንኳ ያ ጥያቄ በማግሥቱ ይጠብቃቸዋል።

አቢ ፑሊንግ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ2021 ብሪታንያ ፎርሙላ 4 ላይ ስትነዳ ገንዘብ አጥታ በውድድር ዓመቱ አጋማሽ አቋርጣ ወጣች። በሴቶች ውድድሮች በኩል ዞራ ተመለሰች፤ በ2024 ብራንድስ ሃች ላይ በዚህ ሻምፒዮና ታሪክ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በዚያው ዓመት ኤፍ ዋን አካዳሚ የሚባለውን የሴቶች ሻምፒዮናም ወሰደች። ያቋረጠችበት ምክንያት ፍጥነት አልነበረም።

ለእህትዎ ፍርሃት ልመለስ፤ ልታጣጥሉባት አይገባም። ሚያዝያ 2017 ዶኒንግተን ፓርክ ላይ፣ እርስዎ በጠቀሱት በዚያው የውድድር ዓመት፣ የ17 ዓመቱ ቢሊ ሞንገር ከፊቱ የነበሩት መኪኖች ገሸሽ ሲሉ ሜዳው ላይ የቆመ መኪና ድንገት ተጋረጠበት። ለመዞር ጊዜ አልነበረውም። ከመኪናው ለማውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ሁለት እግሮቹ ተቆረጡ። በ2018 በእጅ በሚታዘዝ መኪና ወደ ብሪታንያ ፎርሙላ 3 ተመልሶ በመጀመሪያ ውድድሩ ኦልተን ፓርክ ላይ ሦስተኛ ወጣ፤ በ2019 የፖን ግራን ፕሪ አሸነፈ። ይህን የምነግርዎ የጀግንነቱን ታሪክ ይዘው እህትዎን እንዲያባብሉበት አይደለም። ከ2022 የመጣው መኪና ጎኑና አፍንጫው የተጠናከረ ነው፣ ሃሎም አለው፤ የዛሬው ልጅ ከ2017ቱ የተሻለ መከላከያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሆኖም በፍጥነት መጥቶ የቆመ መኪናን መግጨት በየትኛውም ሻንሲ ቀላል አይሆንም። ፈርማ የምታስገባው እናት ናት፤ አውቃ ትፈርም።

ልጁን በተመለከተ፣ 15 ዓመት ሳይሞላው መወዳደር አይችልም፤ ይህ ለእኔ መልካም ዜና ነው፣ ጊዜ አለውና። የልደቱ ቀን በውድድር ዓመቱ መሐል የሚውል ከሆነ «እኩሌታውን እንኳ ይንዳ» የሚል ግፊት ይመጣል። እኔ ብሆን ያንን ዓመት ለልምምድ አውዬ በሚቀጥለው ዓመት ሙሉውን አስነዳዋለሁ። የገንዘቡ ነገር ከከበደ ጂቢ 4 የሚባል ሌላ ባለ አንድ መቀመጫ ሻምፒዮና አለ፤ ከ2022 ጀምሮ የሚካሄድ፣ ወጪው የሚቀል። የሱፐር ላይሰንስ ነጥቡ አይነፃፀርም፤ ስለ ነጥቡ ግን ከላይ የተናገርኩትን ያስታውሱ። ፍሬን መልቀቅ እዚያም ይማራል።

ከየትኛውም ቡድን ጋር ከመፈረማቸው በፊት አንድ የሙከራ ቀን ይክፈሉና ልጁን ይዘው ይሂዱ። ስንተኛ እንደወጣ አይጠይቁ፤ ሜዳው እየደረቀ ወይም ጎማው እያረጀ ሰዓቱ ያታልላል። ጠዋትና ማታ የፍሬኑ መስመር ምን እንደሚመስል ይጠይቁ። በመቀጠል ውሉን ያንብቡ። ስንት የልምምድ ቀን ተካቷል? መኪናው ሲጋጭ ጥገናውን የሚከፍለው ማን ነው፣ እስከ ስንት? ብዙ ቤተሰብ የተጎዳው በዚህ አንቀጽ ነው፤ ጥፋቱ የሌላ ልጅ ቢሆንም የተሰበረው ክንፍ ዋጋ የሚመጣው ለእናንተ ነው። የቡድን ጓደኞቹ እነማን ናቸው? መሐንዲሱ ለእሱ ብቻ ነው ወይስ ለሦስት ልጅ አንድ?

መጨረሻ ላይ የቡድኑን አለቃ ፊት ለፊት አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ የፈጣኑ ልጅ መረጃ ለእኛ ልጅ ይከፈታል ወይ? በአንዳንድ ቡድን ሁሉም ግራፍ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሁሉም ይማርበታል። በአንዳንዱ ደግሞ ብዙ የከፈለው ልጅ ግራፍ ይቆለፋል፤ ሌሎቹ ሰልፍ ማሟያ ናቸው። አለቃው መልሱን ካድበሰበሰ ልጁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ድንኳን እለፉ።